ትሉ ከሞተ በኋላ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጠባሳ ነው። ጠባሳው ሆድ ውስጥ ነው፤ ዓይን አያየውም፣ እጅ አይዳስሰውም። ባለቤቱም ቢሆን የሚያውቀው ሆዱ ሲወጠር፣ ወይም አንድ ሌሊት ድንገት ደም ሲያስመልሰው ነው። ወጉ የሚጀምረው ከአዳማ ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ከቆቃ ተለቆ ሜዳውን በሚያቋርጥበት በወንጂ ነው። ከዚያ ባሕር ይሻገራል፤ ህንድን፣ ሆላንድን፣ አሜሪካን ነካክቶ ይመለሳል። አትቸኩሉ፣ አብረን እንደርሳለን።

ወንጂ አገዳ ሳይተከልበት በፊት ጅሌ ኦሮሞዎች ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር። አዋሽ በክረምት ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ በበጋ ይሸሻል። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት በኢንዶኔዥያ ስኳር ሲያመርት ከኖረ ኤች ቪ ኤ ከሚባል የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ተመረቀ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አዋሽ ልጓም ገባለት። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ተጨመረ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ሰው ጎረፈ። አገዳ ቆራጩ፣ አራሚው፣ ውሃ አጠጪው፣ ቦይ ጠራጊው ከነቤተሰቡ በየካምፑ ሰፈረ። ካምፑ አጠገብ ቦይ አለ። ቦዩ ውስጥ ልብስ ይታጠባል፣ ልጅ ይንቦጫረቃል፣ ከሥራ የተመለሰ ሰው እግሩን ይለቃለቃል። ከፀሐዩ በኋላ ያንን ውሃ ማን እምቢ ይላል?

ቦዩ ግን ሌላም ነዋሪ ተቀብሎ ነበር። የጣት ጥፍር የምታህል፣ ዛጎሏ ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት፤ ሊቃውንቱ ባዮምፋላሪያ ይሏታል። የሚጋልብ ወንዝ አይስማማትም። ዝግ ያለ፣ ሣር የበቀለበት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ነው የምትወደው። የመስኖ ቦይ ደግሞ ለእሷ ተብሎ የተቆፈረ ያህል ተመቻት። ወደ ባቱ ስትወርዱም ዘመዷ ዝዋይ ሐይቅ ዳር በቄጠማው ውስጥ አለች፤ ዓሣ አጥማጁ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ቆሞ መረቡን የሚስበው እሷ በምትኖርበት ዳርቻ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ያሉት አብያታና ሻላ ግን ጨዋማና ሶዳ የበዛባቸው ስለሆኑ አትኖርባቸውም። በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ አንዱ ውሃ ያሳምማል፣ አንዱ አያሳምምም።

ቀንድ አውጣዋ በራሷ ሰው አትጎዳም። የምትጎዳው በውስጧ ለሚራባው ለቢልሃርዝያ ትል ማደሪያ በመሆኗ ነው። ከእሷ የሚወጣው ዓይን የማያየው እጭ ውሃው ውስጥ ይዋኝና የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። በደም ዝውውር ተጉዞ፣ ጉበት ውስጥ ጎልምሶ፣ ወንድና ሴት ተጣምረው አንጀትን በሚከቡት የደም ሥሮች ውስጥ ጎጆ ይወጣሉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቲቱ በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ወግ እምብርቱ እዚህ ነው። ትሏ ሰውየውን መግደል አትፈልግም። የምትፈልገው እንቁላሏ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ እንዲገባ ነው። ከፊሉ ይሳካለታል። የቀረው ግድግዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ወይም ደሙ ጠርጎ ጉበት ውስጥ ይከተዋል። ሰውነት ይህንን ባዕድ እንቁላል ሲያይ የመከላከያ ህዋሶቹን አሰልፎ ይከበዋል። ከበባው ሲቆይ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ህዋሶች ይነቃሉ፤ ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲን ያፈሳሉ። በእጃችን ላይ ቁስል የሚገጥመው ያው ኮላጅን ነው። አንድ እንቁላል ቢሆን ምንም አልነበረም። በቀን 300፣ በዓመት ስንት ሺህ፣ ለአሥር ዓመት ሲሆን ግን ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደረባል። ቦይ የሚጠርገው ሠራተኛ ደለል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በየቀኑ የማይታይ ስስ ጭቃ ይተኛል፣ አንድ ቀን ውሃው አላልፍ ይላል። ወደ ጉበት የሚወስደውም የደም ሥር እንዲሁ ይጠባል። ደሙ መንገድ ሲያጣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረው ይፈነዳሉ። ደም ማስመለሱ ከዚያ ነው።

በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ከጉበቱ ይቀላል። ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ አልፎ አልፎ እብጠትና መጥበብ ያመጣል። ገዳዩ የጉበቱ ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ያው ህዋስ፣ ያው ኮላጅን።

የእኛ ሰው ከዚህ በሽታ ጋር የታገለበትን ታሪክ ሳላነሣ ባልፍ ይከፋኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ነጠላ ያነጡበት ፍሬ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ከዚያ በኋላ የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እሱና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ የቦዩን ነገር ነው የያዘው፤ ቀንድ አውጣዋን። ሆድ ውስጥ ለገባው ትል ደግሞ በ1970ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀርመኖች ፕራዚኳንቴልን ሠሩ። በ2008 ዓ.ም. አገራችን የትምህርት ቤት ብሔራዊ ዘመቻ ስትጀምር፣ ልጆች በተራ እየቆሙ ቁመታቸው በእንጨት መለኪያ እየተለካ በዚያው ልክ ክኒን ዋጡ። ሚዛን ተሸክሞ ከገጠር ገጠር መዞር ሳያስፈልግ ቁመት የመድኃኒቱን መጠን ይናገራል። የሚያስመሰግን ዘዴ ነው።

ክኒኑ ትሉን ይገድላል። ጠባሳውስ?

ለዚህ ጥያቄ ከአገራችን የወጣ መልስ አለ። ከዚያው በአክሊሉ ለማ ስም ከሚጠራው ተቋም ዶክተር ነጋ በርሄ ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋር አልትራሳውንድ ይዞ ወደ ማኅበረሰቡ ወጣ። በጉበት ውስጥ በደም ሥሮቹ ዙሪያ የተጋገረውን ጠባሳ ለኩ፣ ፕራዚኳንቴል ሰጡ፣ ለ26 ወራት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ዓይነቱ ጠባሳ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠባሳ ድንጋይ አይደለም ማለት ነው። ሕይወት አለው፤ ይገነባል፣ ይፈርሳል። እንዲፈርስ ማገዝ ቢቻልስ? የሚመለስለትና የማይመለስለት ሰው የሚለየው በምንድን ነው?

ከጎረቤታችን ከሱዳን የመጣ አንድ ፍንጭ አለ። ገዚራን ታውቁታላችሁ፤ የጥጥ መስኖው አገር፣ የወንጂ ታላቅ ወንድም በሉት። እዚያ አንድ መንደር ውስጥ የፈረንሳዩ ተመራማሪ አላን ዴሰንና የሱዳን ባልደረቦቹ ቤተሰብ በቤተሰብ አጠኑ። በአንድ ቦይ የሚታጠቡ፣ አንድ ትል የያዛቸው ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ጉበት ጠባሳ ይይዛል፣ የሌላው ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሥራ ለከባዱ ጠባሳ መጋለጥ በዘር እንደሚወርድ፣ የሚመራውም ቦታ ኢንተርፌሮን ጋማ ለተባለው የመከላከያ መልእክተኛ ተቀባይ ከሚሠራው ጂን አጠገብ እንደሆነ አመለከቱ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋም የቶማስ ዊን ቡድን በቢልሃርዝያ የተያዙ አይጦችን ይዞ፣ ኢንተርሉኪን 13 የሚባለው የመከላከያ መልእክተኛ ሲታገድ የጉበት ጠባሳው እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም የጠባሳ ሳይንስ አንዱ መምህሩ ይህ የድሃ አገር ትል ነው፤ ይህን ሳነብ አንድ ዓይነት ኩራትና አንድ ዓይነት ቁጭት አብረው ይመጡብኛል።

አሁን ወደ አዳማ እንመለስ። ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ የታመመ ሰው ሲብስበት የሚመጣው ወደ አዳማ ነው፤ የድሮ ናዝሬቶች ኃይለማርያም ማሞ የሚሉት ሆስፒታል ያለው እዚህ ነው። አንድ ሰው እንበል። ሆዱ ይቆርጠዋል፣ ይነፋዋል፣ የበላው አያልፍም፣ ከስቷል። ቀጭን አንጀቱ ከትልቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጠቧል። ምን አጠበበው? በእኛ አገር ሐኪም ቀድሞ የሚያስበው የአንጀት ቲቢን ነው፤ ቲቢ ሳንባ ብቻ አይይዝም። አንጀትን ከውስጥ የሚያሳየው ኢንዶስኮፒ በተስፋፋ ቁጥር ደግሞ ክሮንስ የተባለው በሽታም በአገራችን እየተለየ ነው፤ ቡሪል ክሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውዮርክ ላይ የጻፉለት፣ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚያቆስልበት ሕመም። ሁለቱ በዚያው ቦታ ይቀመጣሉ፣ በመስታወት ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የቲቢ መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል፤ የክሮንስ መድኃኒት ቁጣውን ያበርዳል። የጠበበው አንጀት ግን ጠባሳ ከሆነ ጠቦ ይቀራል። ለአንጀት ጠባሳ ብሎ የተፈቀደ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ያለው ቢላዋ ነው፤ ወይ በፊኛ መሰል መሣሪያ መለጠጥ።

ስለ ቢላዋው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጠበበውን አንጀት ቆርጦ ከመጣል ይልቅ በርዝመቱ ሰንጥቆ በወርዱ መስፋት የሚባል ጥበብ አለ። አንጀቱ ያጥራል እንጂ አይጎድልም። ይህ ዘዴ መጀመሪያ የተሠራው በአንጀት ቲቢ ለታመሙ ህንዶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ካታሪያና ባልደረቦቹ ጻፉት። የኦክስፎርድ ቀዶ ሐኪሞች ወስደው ለክሮንስ ሕሙማን ያዋሉት ከአምስት ዓመት በኋላ በ1982 ነው። ከድሃው አንጀት የተገኘ ዕውቀት የሀብታሙን አንጀት አዳነ። እኔ የምለው ዕውቀቱ ተመልሶ ይምጣ ነው፤ እንዴት እንደሚመጣም አሁን አጫውታችኋለሁ።

የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየአምስት ቀኑ ገደማ ይታደሳል። የሚያድሱት በሽፋኑ ሥር በየጉድጓዱ የተቀመጡ ግንደ ህዋሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሆላንድ ውስጥ (አዎን፣ እንደገና ሆላንድ) በዩትሬክት ከተማ በሃንስ ክሌቨርስ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ቶሺሮ ሳቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ከአይጥ አንጀት አንዲት ግንደ ህዋስ ለየ። ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ውስጥ አስቀመጣት፤ ሦስት የእድገት ፕሮቲኖች መገባት። እሷም በዛች። በዝታም ዝም ብላ አልተከመረችም፤ ጉድጓዱንና ጣት መሰሉን ክፍል፣ ንፍጥ አመንጪውንና ምግብ መጣጩን ህዋስ በየቦታው አድርጋ ትንሽ የአንጀት ቅርጽ ሠራች። ኦርጋኖይድ የሚሉት ይህንን ነው፤ ምግብ ባይገባበትም፣ ከአሸዋ ፍሬ ባይበልጥም፣ ሥራው የአንጀት ነው። ከሰው አንጀት በኢንዶስኮፒ ከተቆነጠረች ቁራጭም ማብቀል የተቻለው ብዙ ሳይቆይ ነው።

ታዲያ ጠባሳ ለማጥናት ይህ ብቻውን አልበቃም። ለምን? ጠባሳ የሚሠራው ፋይብሮብላስት በሽፋኑ ውስጥ ስለማይኖር ነው፤ ከሽፋኑ በታች ነው የሚኖረው። የሳቶ ኦርጋኖይድ ሽፋን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ጄሰን ስፔንስና ጄምስ ዌልስ በሌላ በር ገቡ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እንዳስተማረው የሰውን ተራ ህዋስ ወደ ጨቅላነት መልሰው፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ በፅንስ መንገድ መሩት። የበቀለው ሽፋኑም ከሥሩ ያለውም ሥጋ ያለበት አንጀት ሆነ። እነሆ ፋይብሮብላስቱ ተገኘ።

ስፔንስ በኋላ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ የክሮንስ ሐኪም ፒተር ሂጊንስ አለ፤ ሕሙማኑ አንጀታቸው እየጠበበ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ የሚያይ ሰው ነው። ኢቫ ሮዳንስኪ ከእነሱ ጋር ሆና የመራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ኦርጋኖይዱ ላይ ቲ ጂ ኤፍ ቤታ የተባለውን፣ ሰውነት ጠባሳ ሥራ ብሎ የሚያዝበትን ፕሮቲን ጨመሩ። ፋይብሮብላስቶቹ ነቁ፤ የጠባሳ ጂኖች ሥራ ጀመሩ። የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ፣ ማንንም ሳያሳምሙ፣ የአንጀት ጠባሳ መጀመሪያውን አዩ። ቀጥለው አንድ የቆየ መድኃኒት ጨመሩበት፤ የጠባሳው ምልክት ቀነሰ።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ስፓይሮኖላክቶን ነው። በጉበት ጠባሳ ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው፣ ውሃውን በሽንት ለማስወጣት የሚታዘዘው ርካሹ ክኒን! ለዚያው ቢልሃርዝያ ጉበቱን ለጎዳው ሰው ሐኪም የሚጽፍለት መድኃኒት ሚሺጋን ውስጥ በሌላ ሥራ፣ ሳህን ላይ ተፈተነ። ይህ ማለት ክኒኑ የአንጀት ጠባሳ ያድናል ማለት አይደለም፤ ማንም ይህን ሰምቶ ከፋርማሲ ገዝቶ እንዳይውጥ፤ የደም ፖታሲየም ከፍ አድርጎ ልብን ሊያውክ የሚችል መድኃኒት ነው። ሳህኑ ላይ ደም አይዘዋወርም፣ የመከላከያ ህዋስ አይከብም፣ አሥር ዓመት አይቆጠርም። ሳህን ላይ የሠራ ብዙ ነገር ሰው ላይ ሲደርስ ከሽፏል። ነገር ግን ከመቶ መድኃኒት አንዱን ለመምረጥ መቶ ሰው ከማሳመም ሳህኑ ይሻላል።

ትሉንስ ሳህን ላይ ማምጣት ይቻላል? በሌላ ትል ተችሏል። በእንግሊዝ አገር ማሪያ ዱኬ ኮሬያና ባልደረቦቿ ከአይጥ ትልቅ አንጀት መነሻ ኦርጋኖይድ አብቅለው፣ ትሪኩሪስ የተባለው የአንጀት ትል እጭ ሽፋኑን ሰርስሮ ሲገባ አይተው እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙት። ስለዚህ የቢልሃርዝያ እንቁላል፣ ፋይብሮብላስት ያለበት የሰው አንጀትና የመከላከያ ህዋስ አንድ ላይ ቢገናኙ ብሎ ማሰብ ከሰማይ የወረደ ምኞት አይደለም።

ግን የማን አንጀት? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እዚህ ላይ ነው። የገዚራው ጥናት ጠባሳው በዘር እንደሚመራ ከነገረን፣ በሳህኑ ላይ የሚበቅለው አንጀት የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ብቻ ከሆነ ለወንጂው አገዳ ቆራጭ የሚሰጠው መልስ ግማሽ ነው። አንድ ካምፕ ውስጥ አብረው ያደጉ፣ አንድ ቦይ ውስጥ የዋኙ ሁለት ሰዎችን አስቡ፤ የአንዱ ጉበት በአልትራሳውንድ ንጹህ፣ የሌላው ጠባሳ የበዛበት። የሁለቱ ህዋስ ጎን ለጎን ቢበቅልና ያው ቲ ጂ ኤፍ ቤታ ቢጨመርበት፣ የማን ፋይብሮብላስት ይበረታል? ስፓይሮኖላክቶንስ የማንን ያበርዳል? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ ያስፈልጋል። እኛ አለን፤ ከወንጂ እስከ ባቱ።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው አልልም። የእድገት ፕሮቲኖቹ ውድ ናቸው፣ በቅዝቃዜ ይጓጓዛሉ፤ ህዋሱ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ የወራት ሥራ ይጠፋል። ደግሞም በሽታውን መጀመሪያ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። በካቶ ካትዝ ዘዴ አንድ ማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ የሚመረመረው 41.7 ሚሊግራም ዓይነ ምድር ነው፤ ትሉ ጥቂት የሆነበት ሰው በዚያ ሊያመልጥ ይችላል። ሆኖም ለአንዱ ናሙና የሚበቃው ለምርመራ ሲባል በኢንዶስኮፒ ከሚቆነጠረው ቁራጭ የምትተርፍ እህል የምታህል ሥጋ ናት፤ ወደ ጨቅላነት ለሚመለሰው ደግሞ ጥቂት ደም ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ፣ የአክሊሉ ለማ ተቋም አለ፤ ትሉን የሚያውቁ፣ ቦዩን ረግጠው የሚያውቁ ሰዎች አሉን።

ይህ ሲሆን ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። እንዶድን አስታውሱ። በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዶድ የአሜሪካን የውሃ ቱቦዎች የሚደፍነውን የቀንድ አውጣ ዘመድ እንደሚገድል ሲታወቅ፣ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። አክሊሉ ራሱ የሥራው ተሳታፊ ሆኖ ሳለ፣ በፍሬው ልብስ ያጠበችው የአድዋዋ ሴት በወረቀቱ ላይ ስሟም ድርሻዋም አልነበረም። ኦርጋኖይድ ደግሞ ከፍሬ ይብሳል፤ አንዴ ከበቀለ ለዓመታት ይባዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከአገር አገር ይላካል፣ ይሸጣል። ሰጪው አገዳ ሲቆርጥ ህዋሱ ሌላ አገር ሲሠራ ይውላል።

ስለዚህ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ስምምነቱ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። ህዋሱ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያዝበት፣ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ምን እንደሚደረግ ይባል። ከዚያ የሚገኝ መድኃኒት ቢኖር ወደ ወንጂና ባቱ ጤና ጣቢያዎች በምን ዋጋ እንደሚመለስ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከፊርማው በላይ ይስፈር።